አያቴ የሳሙት በር

አያቴ ጥያቄ ሳበዛባቸው "ቆዪ፣ እነግርሻለሁ" ይሉኝ ነበር፤ ሳይነግሩኝም ቀርተው አያውቁም። ዘንድሮ ከሆሳዕና ከተማ ባህር ዳር ወሰድኳቸው። በጀልባ ተሻግረን አንድ የጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ካለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፕሮቴስታንት የነበሩት አያቴ ጫማቸውን አውልቀው በሩን ስመው አለቀሱ።

"አባባ፣ ምን ሆኑ?"

"ቆዪ፣ ቤት ስንገባ እነግርሻለሁ።"

ቤት ስንገባ ደክሟቸው ተኙ፤ በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ሞርሲቶ ከተማ የሚኖሩትን ታላቅ እህታቸውን ጠየቅኋቸው። "እሱ? የቤተ ክርስቲያን በር ሳመ?" አሉኝ።

ሶፋው ላይ የአያቴ ቦታ ባዶ ነው። እንግዳ ሲመጣ እዚያ እንዳይቀመጥ እከለክላለሁ። ለምን ስባል "ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ" እላለሁ።