አላልቅ ያለው አሜን

ቦንጋ የተመደብኩ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ስለ ገደል ማሚቶ በሰሌዳ ላይ ሳስተምር የሚስተካከለኝ የለም። ዲጄው ጓደኛዬ የሚክሰሩን፣ ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደጋግመውን የኤኮ ቁልፍ ሲያሳየኝ ግን እንደ ሕፃን ነው የፈነደቅኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጎኑ አልጠፋሁም። በመጨረሻ ሺሺንዳ አንድ ሠርግ ላይ፣ "በል ምሳ እስክበላ ያዝልኝ" ብሎኝ ሄደ።

ይኼኔ ጋሽ አየለ የሚባሉ ሽማግሌ ሙሽሮቹን ሊመርቁ ማይክ ይዘው ተነሡ። ምርቃታቸውን ላሳምር ብዬ ኤኮውን ከፈትኩት።

"ትዳራችሁን ያጽናላችሁ" አሉ። ማይኩን ወደ ሰዉ ሲዘረጉ ድንኳኑ "አሜን" አለ። ስፒከሩም አሜን፣ አሜን፣ አሜን እያለ ቀጠለ። ጋሽ አየለ ደግሞ አሜኑ ሳያልቅ ወደ ሁለተኛው ምርቃት የሚያልፉ ሰው አይደሉም፤ እጃቸውን እንደዘረጉ በትዕግሥት ይጠብቃሉ። አንዱን ቁልፍ ባዞር ጭራሽ ባሰበት። ሰዉም ያላለቀ መስሎት አብሮ ይደግማል። ሙሽራዋ ከንፈሯን ነክሳ ከሳቋ ጋር ትታገላለች፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ቢጨንቀኝ ገመዱን ነቀልኩት፤ ቀሪውን ያለ ማይክ መረቁ።

እንደጨረሱ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ብድግ አልኩ።

"ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ስመርቅ ሰው አሜኑን ቆርጦ ወደ ምግቡ ነው የሚሮጠው" አሉኝ። "እሑድ ደካ ከተማ የልጅ ልጄን እድራለሁ። አንተ ና፤ ዲጄው ይቅር።"