አርባ ስምንት ጆንያ የቦርከና አሸዋ

ዛሬ መሪ የጨበጠ ሁሉ ሹፌር ነኝ ይላል። ወላሂ ያስቀኛል! እኔ ሹፌር የምለው አንድ ሰው ነው፤ ጋሽ ሱሩር። አራት ዓመት ሙሉ ከጎናቸው ሆኜ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ወርጃለሁና ስለ እሳቸው ማንም አያስተምረኝም። ዐሊማ እባላለሁ፤ ቤቴ ኮምቦልቻ ነው። ምላሴን አልይዝም፤ ይህን ከአሁኑ እወቁልኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የመንግሥት ድርጅት ነበር፤ ስሙን ተዉት። ከሠራተኞቹ ልጆች ብዙዎቹ ደሴ ይማሩ ስለነበር ድርጅቱ አንድ አሮጌ አውቶቡስ መደበላቸው። ጠዋት ሽቅብ ወደ ደሴ፣ ከሰዓት ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ። አርባ ስምንት ልጆች ነበሩ። ሴቶች ልጆች አሉበትና በሩን የምትይዝ አንዲት ሴት ትኑር ተባለ፤ እኔ ተቀጠርኩ። ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። የኔዋ መርየምም ከልጆቹ አንዷ ነበረች።

ጋሽ ሱሩር የደሴ ነጋዴ ልጅ ናቸው። አባታቸው ሱቅ ላውርስህ ቢሏቸው አሻፈረኝ ብለው መኪና ላይ ወጡ፤ ሃያ ዓመት በአሰብ መንገድ ተሳቢ ነዱ። ስልሳ ሊሞላቸው ትንሽ ሲቀራቸው ነው ወደ ልጆቹ አውቶቡስ የመጡት። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ሰሞን አልወደድኳቸውም። እንዴት ይወደዳሉ? ሱብሒ ሰግደው ይመጡና አውቶቡሱን ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። ጎማውን አንድ በአንድ በብረት ይመቱታል፣ ከስር ጎንበስ ብለው የሚንጠባጠብ ዘይት ይፈልጋሉ፣ ፍሬኑን ረግጠው ይሞክራሉ። ብርዱ ያንቀጠቅጠናል፤ እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዐሊማ፣ ጥሪ» ይላሉ። አርባ ስምንቱንም በስም እጠራለሁ። «አቤት» ያላለ ልጅ ካለ ሞተር አይነሳም፤ ወይ ይመጣል፣ ወይ መታመሙን የሚነግረን ሰው ይመጣል።

ጫት እንኳ ትምህርት ባለበት ቀን አይቅሙም ነበር። የወሎ ሹፌር ሆኖ! ስቄባቸው፣ «ጋሽ ሱሩር፣ አንቱስ ሼህ ነው የሆኑት» ስላቸው፣ «እሑድ እቅማለሁ፤ እሑድ የሰው ልጅ አልጭንም» አሉኝ። መንገድ ላይ እጁን የዘረጋ ሁሉ አይሳፈርም። አንድ ቀን መሣሪያ የታጠቀ ሚሊሻ መሀል መንገድ ቆሞ አስቁሟቸው፣ «ቦታ የለኝም» ብለው ጥለውት ሄዱ። እኔ ይተኩስብናል ብዬ ወደ ኋላ ወደ ኋላ አይ ነበር፤ እሳቸው እንደሆነ ዘወር ብለውም አላዩት።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ነበራቸው። ሐረጎን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከአናቱ ጀምሮ እስከ ቦርከና ድረስ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ በአንድ ወገን ጋራ፣ በአንድ ወገን ገደል። በዚያ ዘመን ናፍጣ በኩፖን ነበርና ሹፌሩ ሁሉ አናቱ ላይ ሲደርስ ማርሹን አውጥቶ መኪናውን ይለቀዋል፤ በራሱ ክብደት ይንከባለላል፣ ሹፌሩ ፍሬን ብቻ ይዞ ይወርዳል። የተረፈችው ናፍጣ ታስመሰግናለች። ድርጅቱ እንዲያውም በር ላይ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ በወሩ አብልጦ የቆጠበውን ሹፌር ስም ከቀይ ኮከብ ጋር ይለጥፍ ነበር። ጋሽ ሱሩር አንድም ቀን ማርሽ አውጥተው አያውቁም። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ቀስ... ቀስ... ሌላው መኪና ሽው እያለ ያልፈናል። ልጆቹ በመስኮት እያዩ፣ «ጋሽ ሱሩር፣ አህያ ቀደመን!» ብለው ይስቁባቸዋል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ስማቸው ሰሌዳው ላይ ወጥቶ አያውቅም። ኮከቡ ሁልጊዜ የደምመላሽ ነበር። ደምመላሽ የድርጅቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሳቂታ፣ እጁ የፈጠነ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ብቻ አንድ ቀን የድርጅቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ሞላልኝ ሰበሰበን። ይህ ሰው ሲያስነጥሰው እንኳ መፈክር የሚወጣው ይመስል ነበር። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጋሽ ሱሩር ከፊት ቆመዋል።

«ጓድ ሱሩር፣ ያንተ አውቶቡስ የሚጨርሰው ናፍጣ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል» አለ። አንተ አላቸው እኮ! በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው! ደሜ ፈላ። «ወይ እየሸጥከው ነው፣ ወይ ሆን ብለህ እያባከንከው ነው። ሁለቱም የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ከሰኞ ጀምሮ አውቶቡሱን ጓድ ደምመላሽ ይረከባል። አሁን ግለ ሂስህን አቅርብ።»

አሻጥር የምትል ቃል በዚያ ጊዜ ምን እንደምታመጣ የኖረበት ያውቃል። ሰው በእሷ እስር ቤት ገብቷል።  ጋሽ ሱሩር ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እሺ፣ ግለ ሂሴን ላቅርብ» አሉ። «ናፍጣ አልሸጥኩም፤ ወላሂ፣ ወቢላሂ፣ አንዲት ጠብታ አልሸጥኩም። ጥፋቴ ሌላ ነው። በአሰብ መንገድ ሳለሁ ማርሽ በማውጣት የሚስተካከለኝ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜን አብዱልሐሚድን መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ማርሽ አውጥቶ መውረድንም እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ እየሳቅሁ። አንድ ቀን ከኋላዬ ሲከተለኝ ቁልቁለት ላይ ቀደመኝ። ጎበዝ ብዬ ጡሩንባ ነፋሁለት። ፍሬኑ እምቢ እንዳለው አላወቅሁም፤ ዓይኔ እያየ ገደል ገባ። ያንን የሙገሳ ጡሩንባ ሲወድቅ ሰምቶት ይሆን? አላውቅም። ጥፋቴ ይቺ ናት። ከዚያ ወዲህ ማርሽ አላወጣሁም፤ ልጅ ጭኜማ እንዴት አድርጌ!»

አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ከኋላዬ ያሉትም ሲያለቅሱ ሰማሁ። ሞላልኝ ግን ጠረጴዛውን መታ፣ «ይህ ስሜት ነው፣ ጓድ፤ ማስረጃ አይደለም» አለ።

አሁን አሁን ሳስበው እንኳን አለ እላለሁ። ምክንያቱም ጋሽ ሱሩር ቀና ብለው፣ «ማስረጃ ከፈለግህ ፈትነን» አሉት። «እኔንም ደምመላሽንም። ልጅ የሚጭን ሹፌር ወረቀት ስላለው ብቻ አይጭንም፤ መፈተን አለበት። ሐረጎ ላይ፣ እሑድ ቀን፣ ልጆቹ በሌሉበት። አውቶቡሱ ግን ባዶ አይሁን፤ የልጆቹን ክብደት ያክል እንጫን። እሱ በልማዱ ይውረድ፣ እኔም በልማዴ። መሀል ላይ ቁም በሉን። የተሻለ የቆመ ልጆቹን ይንዳ። ከወደቅሁ አሻጥረኛ በለኝ፤ እጄን እሰጣለሁ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ያን ያህል ሰው ሲያጨበጭብ ሊቀመንበሩ ምን ይበል? እሺ አለ።

ቅዳሜ ወላጆቹ አካፋ ይዘው ቦርከና ወረዱ። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ እናትም አባትም፣ አንዱ ጆንያ ይይዛል፣ አንዱ አሸዋ ይዝቃል። ለየልጁ አንድ አንድ ግማሽ ጆንያ ሞላን። እኔ ደግሞ ስም የመጥራት ልማድ ስለያዘኝ በየጆንያው አፍ ላይ የልጁን ስም በወረቀት ጽፌ አሰርኩ፤ ልጁ በሚቀመጥበት ወንበር ላይም አስቀመጥኩት። ክብደቱ እንደ ሁልጊዜው ይሁን ብዬ ነው እንጂ ሌላ ተንኮል አላሰብኩም። መርየም ከኋላ፣ ጀላል የሚባል ልጅ መስኮቱ ጋ። የጓድ ሞላልኝ ልጅ ፀሐይነሽ ደግሞ መንገዱ ያስመልሳት ስለነበር ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከፊት፣ በሩ አጠገብ ነው። የእሷንም እዚያው አደረግሁላት።

ቦታውን ጋሽ ሱሩር መረጡት፤ በጋራው ወገን አፈሩ የለሰለሰ፣ ገደሉ የራቀ፣ ጠንቀቅ ያለ ሰው የሚመርጠው ቦታ ነው። አንድ ትልቅ ድንጋይ በኖራ ቀባንና መንገዱ ዳር አቆምን። ደምመላሽ ከላይ ሲመጣ እኔ ከሹፌሩ ጀርባ ቆሜ በመስኮት ነጭ ጨርቅ አውለበልባለሁ፤ በጎን መስታወቱ ሲያየው እዚያ ድንጋይ ጋ ሳይደርስ መቆም አለበት። ጓድ ሞላልኝ ከኋላ ተቀመጠ፤ ጋሽ ሱሩር ከደምመላሽ ጎን ቆሙ፣ እጃቸውን የእጅ ፍሬኑ ላይ አድርገው።

ደምመላሽ አናቱ ላይ ማርሹን አወጣ። መጀመሪያ ደስ ይላል፤ ሞተሩ ጸጥ፣ ነፋሱ ፉጨት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬኑ መሽተት ጀመረ። ሦስተኛው ላይ የደምመላሽ ሳቅ ጠፋ። ጨርቁን አውለበለብኩ። ደምመላሽ ፍሬኑን ረገጠ። አውቶቡሱ ጮኸ እንጂ አልቆመም። ደግሞ ረገጠ። ነጩ ድንጋይ በመስኮቴ በኩል አለፈ። ያረቢ! አልኩ። ማርሽ ላስገባ ቢል አልገባ አለው፤ ብረቱ ብቻ ተፋጨ። ጋሽ ሱሩር «ወደ ጋራው!» ብለው የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። የአውቶቡሱ ጎን አፈሩን እየፋቀ ሄደና ከድንጋዩ ስልሳ እርምጃ አልፎ ቆመ። በእግሬ ለክቼዋለሁ።

ማንም አልተነካም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ጆንያዎቹ ከየወንበሩ ወድቀው መተላለፊያው ላይ ተከምረዋል። አንዱ ከሁሉ ቀድሞ በሩን መትቶት፣ አፉ ተፈትቶ፣ አሸዋው ደረጃው ላይ ፈሷል። ጓድ ሞላልኝ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ጆንያዎቹን እየተራመደ ለመውረድ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ያቺን ወረቀት አየ። ጎንበስ ብሎ አነሳት። አነበባት። ፀሐይነሽ ይላል፤ በእኔው ጽሕፈት።

 ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ወረቀቷን በእጁ ጨብጦ ቆየ። ጠላቴ ነበር፤ ግን አሳዘነኝ። እኔም እናት ነኝ፤ ከክምሩ ስር ከሁሉ አስቀድሜ ያወጣሁት የመርየምን ጆንያ ነው።

ፍሬኑ እስኪበርድ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ጋሽ ሱሩር ፍሬኑን ደጋግመው ከፈተሹ በኋላ አውቶቡሱን ወደ አናቱ መለሱት፤ ጆንያዎቹንም እንደነበሩ አስቀመጥን። «ቢስሚላህ» ብለው ተነሱ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ። ያ ያሾፍንበት ጩኸት ያን ቀን ጆሮዬን ምን ያህል ደስ እንዳለው! ጨርቁን አውለበለብኩ። አውቶቡሱ ድንጋዩ ጋ ሳይደርስ አራት እርምጃ ቀርቶት ቆመ። ዞር ብዬ አየሁ። አርባ ስምንቱም ጆንያ በየወንበሩ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ደምመላሽ መንገዱ ዳር ቆሞ ያለቅስ ነበር። ጋሽ ሱሩር ሄደው ትከሻውን ያዙት። «አብሽር» አሉት። «ያንተ እጅ ከእኔ ይፈጥናል፤ ያላስተማሩህን ከየት ታመጣለህ? ከነገ ጀምሮ ከጎኔ ተቀመጥ።» ስድስት ወር ከጎናቸው አስቀመጡት። ጎማ በብረት ሲመታ፣ ከስር ጎንበስ ሲል፣ ስም ስጠራ አፉን ዘግቶ ሲጠብቅ አየሁት። ከዚያም ያንኑ አሸዋ ጭነው፣ ያንኑ ድንጋይ አቁመው ፈተኑት፤ አለፈ። ከእሱ በኋላ የልጆቹን አውቶቡስ የነካ ሹፌር ሁሉ በዚያ ፈተና ነው ያለፈው። የሚወድቅም ነበር፤ የወደቀው የኮሚቴ ዘመድ ቢሆንም አልነዳም።

ግን ያቺን ሰኞ ልንገራችሁና ልጨርስ። ንጋት ላይ ጉም ነው፤ ጋሽ ሱሩር ጎማ እየመቱ ነው። ጓድ ሞላልኝ ፀሐይነሽን በእጁ ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አምጥቷት አያውቅም። ልጅቱን አሳፈራት፣ በሩ አጠገብ አስቀመጣት፣ ነጠላዋን አስተካከለላት። ወርዶ ጋሽ ሱሩር ፊት ቆመ። ሰሌዳው ላይ ስምዎን እናወጣለን ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ጋሽ ሱሩር» አለ። ጓድ አላለም። «ልጄን አደራ፤ እርስዎ እንደሚያውቁት ይንዱ።»

ጋሽ ሱሩር ብረቷን ጨርቃቸው ላይ ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «ዐሊማ» አሉ፣ «ጥሪ።»

ጠራሁ። አርባ ስምንቱም «አቤት» አሉ።