የቦዩ ወፍና የጥጥ አበባ

ልጅ ሳለሁ አባቴ ዱብቲ በሚገኝ የጥጥ እርሻ ጸሐፊ ነበር። ያኔ ጀምበር አዘቅዝቃ ሙቀቱ ሲላላ የቦዩ ጠባቂ አባ ያዮ ጎጇቸው ደጃፍ ፍም ያራግባሉ፤ አባቴና ጥቂት ለቃሚዎች ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ የግራሩ ጭስ ዓይናችንን እየለበለበን ተረታቸውን እንሰማለን። ከተረቱ በፊት ግን እንደ አፋር ደንብ ዳጉ ይጠይቃሉ፤ ከመንገድ የመጣ ሁሉ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ያየውን ሳይደብቅ መናገር አለበት። ሰው ፊት አፌን መክፈት ለሚጨንቀኝ ለእኔ ይህች ተራ ከጅብ የባሰች ነበረች።

አንድ ምሽት ወደዚያ ስሄድ የቦዩ ግድብ ጣት በሚያህል ስንጥቅ ውሃ ሲያፈስ አየሁ። ከግድቡ በታች የለቃሚዎቹ የሰሌን ጎጆዎች አሉ፤ ከወሎ የመጣችው እትዬ ዘሃራ አንዱ ውስጥ አራስ ናት። እየሮጥኩ ደረስኩ። አባ ያዮ ግን «አንቺስ የጸሐፊው ልጅ፣ ምን አየሽ?» ሲሉኝ ዓይን ሁሉ ዞረብኝ።

«ምንም» አልኩ።

ተረቱ ተጀመረ። ወፍና የጥጥ አበባ ጎረቤት ነበሩ አሉ። ወፏ እግረ ረጅም ናት፤ ኮቴ በሰማች ቁጥር ትጮሃለች። አንዱ ለቃሚ «እንደ አለቃችን» ብሎ አሳቃቸው፤ እኔ ጆሮዬ ቦዩ ጋ ነበር። አበባዋ ግን ጨዋ ናት፤ ክፉ ስታይ ከነጭ ወደ ቀይ ትለወጣለች እንጂ ቃል አይወጣትም። ጎርፍ ሲመጣ ሁለቱም አዩት፤ ወፏ ጮኸች፣ አበባዋ ቀላች።

«መሽቶ ነበርና» አሉ አባ ያዮ ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ «ቅላቷን ማን ይየው?»

ፊቴ ጋለ። «አባ ያዮ፣ ቦዩ ያፈሳል» አልኩ፤ ድምፄ ቀጥኖ ስላልተሰማ ደገምኩት።

አካፋ ይዘው ሮጡ። ጣት ያህል የነበረው ስንጥቅ ክንድ አክሎ ነበር። አፈር በተሞላ ጆንያ እስኪደፍኑት ውሃው እትዬ ዘሃራ ጎጆ ገብቶ ነበር፤ አልጋዋ ላይ ቆማ፣ ሕፃኗን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ይዛ አገኘናት።

አባቴ መቼ እንዳየሁት ጠየቀኝ፤ እውነቱን ነገርኩት። አባ ያዮ ፋኖሳቸውን አንስተው «ዳጉ እንደ ወተት ነው፣ ልጄ፤ ሲቆይ ይበላሻል» ብቻ አሉኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የጥጥ አበባ የሚቀላው ፈርቶ ሳይሆን ጊዜው ሲያልፍ መሆኑን ተማርኩ። የዚያን ቀንም መምህሩ «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ እንደ ልማዴ ፊቴ ጋለ። ያኔ ጨለማው ውስጥ ወደ ላይ የተዘረጉት የእትዬ ዘሃራ እጆች ታዩኝ፤ የእኔንም አነሳሁ።