ለአማት የሚፈካ አበባ

ፀጉር ቆራጩ ወሬ ሲያወራ ትንሽ ካልጨመረበት አይጥመውም። አንድ ጊዜ የአንበሳ ጎፈር አስተካክያለሁ ብሎ ምሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አማቱ «ዝናብ መጣ» ቢላቸው እንኳ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ካላረጋገጡ አያምኑትም።

ስለዚህ በሱቁ መስኮት ስር ባለው ገንዳ ውስጥ የውሃ አበባ መፍካቱን ሲነግራቸው ሳቁበት። አበባው ጠዋት ብርሃን ሲያገኝ ይፈካል፤ ከሰዓት በኋላ ይከደናል። እሳቸው ደግሞ ከልብስ ስፌት ሥራቸው የሚወጡት ሲመሽ ነው።

«አበባህ ይሄ ነው? ጥቅል ጎመን!»

«እማማ፣ አሁን እኮ ተኝቶ ነው።»

«አዎ፣ አንበሳውንም የቆረጥከው ተኝቶ ይሆናል። በል፣ ሲነቃልህ ጥራኝ።»

ሚስቱ ሳትቀር ሳቀች። ስንት ዘመን ቀጥፎ፣ አሁን እውነት ቢናገር የሚያምነው ይጣ?

ዘዴ ፈጠረ። ቀን ቀን ገንዳውን በወፍራም ብርድ ልብስ እየሸፈነ፣ ሲመሽ ትልቅ አምፖል ያበራበት ጀመር። በመጀመሪያው ጠዋት ብርድ ልብሱን ገለጥ ቢያደርግ፣ አበባው በዚያ ጨለማ ውስጥ ፈክቶ ቁጭ ብሏል። ለካ ማለዳ መሆኑን ነጋሪ ሳይፈልግ ያውቃል!

«አንተም እንደ አማቴ ግትር ነህ» አለው።

ግን አልተወውም። እየሰነበተ አበባው አምፖሉን ጀምበር ነው ብሎ ተቀበለ፤ ቀን ተከድኖ ይውልና ሲመሽ ይፈካል።

ዛሬ ማታ ልጥራቸው ብሎ ሲያስብ አማቱ በእኩለ ቀን ከች አሉ። ልጃቸው ለምናቸው፣ አለቃቸውን አስፈቅደው ነው የመጡት።

«ይኸው በብርሃን መጣሁልህ። አሳየኝ!»

ብርድ ልብሱ ተነሣ። ጥቅል ጎመን።

«እማማ… አሁንማ የሚፈካው ማታ ነው።»

ፂሙን ሊላጭ የተቀመጠው ደንበኛ ሲስቅ አረፋው ጭኑ ላይ ተንጠባጠበ።

«በሞቴ፣ እስኪመሽ ይቆዩ። ካልፈካ ሁለተኛ ወሬ አላወራም።»

ይህን ስለት አማቲቱ ወደዱት። እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ።

መሸ። አምፖሉ በራ። አበባው ቀስ በቀስ፣ እንደሚያዛጋ ሕፃን፣ ተከፈተ። አማቲቱ ጎንበስ ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ… እውነትህን ነው።»

ፀጉር ቆራጩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሳቸው ግን ወደ ጎረቤት እየሮጡ ነበር።

«በአምፖል የሚነጋለት አበባ አየሁ!»

ጎረቤቷ አትክልት ሻጭ ከት ብላ ሳቀች። «ከአማችዎ ጋር ብዙ ዋሉ መሰለኝ።»

አማቲቱ በርበሬ መስለው ተመለሱ።

«ነገም አልብሰው። ይችን ሴትዮ ጎትቼ አምጥቼ ሳላሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ወንበር እጨምራለሁ፣ እማማ።»

«ጨምር። ለእኔ ግን ከፊት።»