ነሐሴ ሦስትን የዋጠችው ጳጉሜን

እናቴ ግትር ትለኛለች። ስትመርቀኝም ስትረግመኝም ያው ቃል ነው፤ የትኛውን ማለቷ እንደሆነ ከፊቷ ነው የምለየው። ባለፈው ሰኔ ግን ፊቷን አይቼም መለየት አቃተኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ላሊበላ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ራሴ የጻፍኩትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሳፈርስና መልሼ ስሠራ አየችኝ። «ምን ጨመርሽበት?» ትላለች። «ምንም» እላለሁ። «ታዲያ ምን እየሠራሽ ነው?» ከውጭ ሲያዩት እንደ ድሮው እንዲሆን አድርጌ ውስጡን እያበጃጀሁት ነው ብላት ትታኝ ገባች።

ነገሩ የሚጀምረው ከየኔታ ነው። ከእኛ ጋር አጥር ለአጥር የሚኖሩ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ቅኔ አንዴ ከተባለ አይደገምም። የትናንቱን ዛሬ መልሶ የሚያመጣ ባለቅኔ በተማሪዎቹ ፊት ያፍራል። ስለዚህ የኔታ ዕድሜያቸውን ሁሉ በየቀኑ አዲስ ሲያፈልቁ ኖረዋል፤ የሰማ ሰማ፣ ያልሰማ አመለጠው። ይህ እሳቸውን አያስጨንቃቸውም፤ እኔን ግን ያናድደኝ ነበር። አንድ ቀን ስልኬን ይዤ ሄድኩና «ልቅዳዎት» አልኳቸው።

«ለምን?»

«እንዳይጠፋ።»

«ይጥፋ እንጂ፤ ነገ ሌላ አለ» አሉና ሳቁ። አልከለከሉኝም ግን። ሁለት ዓመት ቀዳኋቸው።

ስልክ ይሞላል። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ለዚሁ የሚሆን ፕሮግራም ጻፍን። ሥዕል የለው፣ የሚነኩት ቁልፍ የለው፤ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ እሱም የተቀዳውን ድምፅ በየቀኑ ስም ሰይሞ፣ ጨምቆ፣ የዓመቱን ሁሉ አንድ ማህደር ውስጥ ያስቀምጣል። ከዚያ ለሌላ ቦታ እንዲለቅ የቀድሞውን ከስልኩ ላይ ያጠፋል። ማጥፋቱን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ በወቅቱ ብልህነት መስሎኝ ነበር። ኩልመስክና ወገል ጤና ያሉ ሁለት ቅኔ ቤቶችም ሰምተው ፕሮግራሙን ወሰዱት። ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ የየኔታ ልጅ መጣች። በዕድሜ በጣም ስለምትበልጠኝ እታለም ነው የምላት። እናቷ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ሙት ዓመቱ ሰኔ ማለቂያ ላይ ይውላል። ያኔ በአርባቸው ቀን፣ ነሐሴ ሦስት፣ የኔታ ለሚስታቸው ቅኔ ተቀኝተው ነበር፤ እኔም ዳሱ ውስጥ ቆሜ ቀድቼዋለሁ።

«ያችን ቅኔ ታወጭልኛለሽ?» አለችኝ። «ግዕዙን አላውቀውም፤ ትርጉሙንም ንገሪኝ አልልሽም። ድምፃቸውን ነው የምፈልገው። እንደዚያ ሁነው ሲናገሩ ዳግመኛ የምሰማቸው አይመስለኝም።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የኔታ መዘንጋት ጀምረዋል። መጀመሪያ የተማሪዎቻቸውን ስም፣ ቀጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መንገድ ረሱ፤ አሁን አሁን ደግሞ ልጃቸውን ራሷን «የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። ቅኔ ከተቀኙ ወራት አልፈዋል።

«ምን ችግር አለ፣ አሁኑኑ!» አልኩና ላፕቶፑን ከፈትኩ። ነሐሴ ሦስትን አውጣ የሚል ትእዛዝ ጻፍኩ። ወጣ። አሰማኋት።

ዝናብ ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ከባድ ዝናብ። ከውጭ ሰው «ሩፋኤል! ሩፋኤል!» እያለ ይጮኻል፤ የኔታ ከመሃል ይስቃሉ።

እታለም አንገቷን ዘንበል አደረገች። «ይህማ ሩፋኤል ነው፤ ጳጉሜን ሦስት። ሰው በዝናቡ ሲጠመቅ እኮ ነው። የእማዬ አርባ ነሐሴ ሦስት ነበር።»

እንደገና አወጣሁ። ያው ዝናብ። ማህደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘርዝር አልኩት፤ ነሐሴ ሦስት አንድ ብቻ ነው፣ ጳጉሜን የሚባል ደግሞ ጭራሽ የለም። እውነቱን ከመናገር ሌላ የመጣልኝ ነገር አልነበረም።

«እታለም፣ በላዩ ላይ ሌላ ጽፌበት አጥፍቼው ይሆናል» አልኳት።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ «እስቲ ፈልጊው፤ ሙት ዓመቱ ገና ሁለት ሳምንት አለው» አለችና ወጣች።

ጥፋቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም፤ ለማመን ነው የፈጀብኝ። ማንኛውም ፕሮግራም ቀን የሚያነቡ፣ ስም የሚያሳጥሩ፣ ዝርዝር የሚያወጡ ትናንሽ መገልገያዎች አሉት፤ ፈንክሽን እንላቸዋለን። እኔ እነዚህን ሁሉ የምወረውርበት አንድ ፋይል ነበረኝ። እንደ ጓዳ ጥግ ነው፤ የተገኘው ሁሉ ይጣልበታል፣ ማንም አያጸዳውም፣ ከዓመት ዓመት ከዋናው ፕሮግራም በልጦ አብጧል። እዚያ ውስጥ ቀን የምታነብ አንዲት ፈንክሽን አገኘሁ። ድሮ አዲስ አበባ ተቀጥሬ ሳለሁ ለደመወዝ ሥራ የጻፍኳት ናት። እንደሚታወቀው ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ አከራይም የጳጉሜን ኪራይ አይጠይቅም፤ ቀኖቿ ከነሐሴ ጋር ተጠቃለው ይታለፋሉ። ስለዚህ ፈንክሽኗ ወሩ ዐሥራ ሦስተኛ ከሆነ ዐሥራ ሁለተኛ አድርጋ ታነበዋለች። ለደመወዝ ትክክል ነበረች። እኔ ግን ሳላነባት ገልብጬ እዚህ ከተትኳት፤ ጳጉሜን ሦስት በመጣች ጊዜም ነሐሴ ሦስት ተብላ ተሰየመች። ዐሥራ ሦስት ወር ባለው አገር ተወልጄ፣ በሩፋኤል ዝናብ እየተጠመቅኩ አድጌ፣ ጳጉሜንን የማያውቅ ፕሮግራም ጻፍኩ። ፈረንጅ ቢጽፈው ኖሮ ስንት ቀን አማው ነበር!

ፕሮግራሙን አብሮኝ ለጻፈው ጓደኛዬ ደወልኩለት። እሱ አሁን የሚሠራው አዲስ አበባ ነው።

«አንዲት መስመር ናት፤ አስተካክያትና ተነሺ» አለኝ።

«አንዲቷን መስመር ሰባት ቦታ ገልብጫታለሁ። መገልገያዎቹን በሙሉ ነው የማበጃጀው።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የሚሠራ ነገር አይነካም። አንዱን ስትነካኪ ሌላው ይሰበራል። ደግሞም የጠፋው ጠፍቷል።»

ያቺ የመጨረሻዋ ነገር አበሳጨችኝ። መጥፋቱን በምን አወቀ? እኔ ራሴ የራሴን ኮድ አንብቤ የት እንደገባ መናገር አልቻልኩም፤ ዋናው ችግር ይኸው ነበር። ኩልመስክና ወገል ጤናም በየዓመቱ ሳያውቁት ነሐሴያቸውን ሲያጡ ሊኖሩ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ አይቼ፣ አንድ ሥራ በአንድ ቦታ ብቻ እስኪሠራ ድረስ አልነሳም አልኩ። ባለሙያዎች ይህን ሥራ ሪፋክተር ይሉታል። የሚታይ ነገር ስለሌለው ማንም አያመሰግንበትም።

አስቀድሜ ማህደሩን ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። አንዱን እታለም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት፤ ዋናውን ዳግመኛ አልነካሁትም። ቀጥሎ ለእያንዳንዷ ፈንክሽን ምን መሥራት እንዳለባት የሚፈትን ትንሽ ኮድ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ፈተና ጳጉሜን ሦስት ገብታ ጳጉሜን ሦስት ሆና ትውጣ የሚል ነው። ወደቀ። ሲወድቅ ማየት ደስ አለኝ፤ አሁን ጥፋቱ የምጠቁመው ቦታ አለው። ከዚያ ቀን የሚያነቡትን ሰባቱን ወደ አንዲት ማምጣት ጀመርኩ። አንዷን አነሳለሁ፣ ፈተናውን ሁሉ አስኬዳለሁ፣ ካለፈ ሌላዋን አነሳለሁ።

ሰኔ ነውና መብራት ይጠፋል። ሲጠፋ ሶላር ወዳለው ሆቴል እወጣለሁ፤ በአንድ ሻይ ግማሽ ቀን ብቀመጥ የሚያስነሳኝ የለም። የአሸተን ተራራ ደመና ሲለብስ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ ሰው አላገኘሁም። እታለም ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ማዶ «እንዴት አደርሽ?» ትለኛለች፤ ሌላ ምንም አትጠይቀኝም። ባትጠይቀኝም ቀኑን እየቆጠረች እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ።

በፍርሃቴ አንድ ቀን ሁለት ፈንክሽኖች በአንድ ጊዜ አነሳሁ። ፈተናው ከዳር እስከ ዳር ወደቀ፤ የቱ የቱን እንደሰበረው መለየት አቃተኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። የሠራሁትን ሰርዤ ወደ ጠዋቱ ተመለስኩ፤ ሙሉ ቀን ከሰርኩ። በማግስቱ የጓደኛዬን ምክር ልቀበል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ላፕቶፑን ከድኜ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ አንዷን ብቻ አነሳሁ፣ አለፈ።

ሙት ዓመቱ አራት ቀን ሲቀረው ዝርዝር የሚያወጡት ላይ ደረስኩ። ሦስት ነበሩ። አንደኛዋ ተመሳሳይ ስም ስታገኝ አንዱን ብቻ ታሳያለች፤ ዝርዝሩ እንዳይንዛዛ ብዬ ራሴ የጨመርኩባት ነገር ነው። ሦስቱንም አንስቼ ያለውን ሁሉ እንዳለ የምታሳይ አንዲት ብቻ ጻፍኩ። ፍላሹ ላይ ያለውን ማህደር ዘርዝሪ አልኳት። ነሐሴ አንድ፣ ነሐሴ ሁለት፣ ነሐሴ ሦስት እያለች ሠላሳ ደረሰች። ከሠላሳ በኋላ እንደገና ነሐሴ አንድ፣ ነሐሴ ሁለት፣ ነሐሴ ሦስት።

ጮህኩ። እናቴ እባብ የነደፈኝ መስሏት ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

ማህደሩ ለካ ምንም አላጠፋም። አዲስ የመጣውን ሁሉ ከመጨረሻው ላይ ይቀጥላል እንጂ የፊተኛውን አይነካም። ስናወጣ ነው ሁለቱ ስማቸው አንድ ስለሆነ ኋላ የወጣው በፊተኛው ላይ የሚያርፈው፤ ዝርዝሩ ደግሞ ደብቆልኝ ነበር። ያቺን አንዲት መስመር ብቻ አስተካክዬ ብነሳ ኖሮ የጠፋው ጠፍቷል ብዬ እቀር ነበር። ፊተኛውን ለብቻው አወጣሁት። የዳሱ ጫጫታ ተሰማ፣ ቀጥሎ የየኔታ ሳል። እዚያ ላይ አቆምኩት፤ መጀመሪያ መስማት ያለባት እኔ አልነበርኩም።

የቀረኝን በሦስት ቀን ጨርሼ የታረመውን ፕሮግራም ለኩልመስክም ለወገል ጤናም ላክሁ።

የሙት ዓመቱ ዕለት ፍትሐቱ አልቆ፣ ዘመድ አዝማድ በልቶ ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ እታለም ጠራችኝ። የኔታ ጋቢያቸውን ለብሰው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ድምፁን የጫንኩበትን ስልኬን አጠገባቸው አስቀመጠችና ራሷ ከፈተችው።

ያ የድሮው ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። እታለም በነጠላዋ አፏን ያዘች። የኔታ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዘነበሉ፤ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቀስ እያለ ይመታ ጀመር። ቅኔው እስኪያልቅ ሌላ ነገራቸው አልተንቀሳቀሰም።

«ማን ነው ይህ?» አሉ።

ስልኩን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ይችላል። የቅኔውን ቤት አላጎደለም። ሚስቱ ሙታበት ነው። አዬ፣ እንዴት አዝኗል!» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሄዳችሁ እግዜር ያጥናህ አላችሁት?»

«አላልነውም፣ አባዬ።»

«ነውር ነው። ያዘነ ሰው ዝም አይባልም።»

እታለም ተነስታ ከፊታቸው ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ሳመች። «እግዜር ያጥናዎት፣ አባዬ» አለች።

«አሜን» አሉ የኔታ። እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው ፊቷን ብዙ አዩት። «አንቺንም ያጥናሽ።»