አንገት ደፊው ተጫዋች

የበረዶ ሆኪ ተጫዋች መራጭ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ግሬግ ከላይ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና «ፓኳን እንዳታይ» አለኝ። ፓክ ማለት ሁሉም የሚያባርራት ጥቁር ክብ ጎማ ናት። ታዲያ ምን ልይ? «ፓኳ ሌላ ሰው ጋ ስትሆን ልጁ ምን እንደሚያደርግ እይ።» እዚያው ሜዳ የበረዶ ማለስለሻውን መኪና ስነዳ ስንት ዓመት ፓኳን ብቻ ሳይ ኖሬያለሁ!

ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማየት ለመድኩ። ልጁ ሲታጠፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል? ፓኳ ሳትደርሰው ቀና ብሎ ዙሪያውን ይቃኛል? ጉልበት ከዕድሜ ጋር ይመጣል። ቀና ማለት ግን በልጅነት ካልመጣ አስቸጋሪ ነው።

ነቢልን ያየሁት ሉዊስ ሴንተር በሚባል ሰፈር፣ ትራይአውት በምንለው የተጫዋች መምረጫ ፈተና ላይ ነው። ያለፈ ልጅ ሚቺጋን ካለው ቡድናችን ገብቶ፣ እዚያው ከሰው ቤት እየኖረ ይጫወታል። እናቱ ዘሀራ ግሮቭፖርት መጋዘን የሌሊት ሺፍቷን ጨርሳ፣ እንቅልፍ ዓይኗን ሳይነካው ነው ከሰፈራቸው ከኖርዝላንድ ያመጣችው። «ጋሼ ይማም፣ ሌላ ሕልም የለውም። ከቀረ ይሰበርብኛል» አለችኝ።

ልጁ በረዶው ላይ አንዴም አላቀረቀረም። ፓኳ ሳትደርሰው የት እንደሚሰጣት ያውቃል። «ወይ ጉድ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ግሬግ አናግሮት ሲመለስ ግን ፊቱ ጠቁሯል።

«ጎበዝ ነው። ግን ሳናግረው መሬት መሬት ያያል። የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላል። አልወስደውም።»

ሳቄ መጣ። «ኧረ ግሬግ! እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲያናግረው የሚያፈጥ ልጅ ባለጌ ነው። አክብሮህ እኮ ነው። በረዶው ላይስ አቀረቀረ?»

«አላቀረቀረም» አለና ስሙን ጻፈ።

ለዘሀራ ፓርኪንግ ላይ ነገርኳት። «ወላሂ?» ብላ እጄን ያዘች። ነቢል ከኋላዋ «ቴንክ ዩ፣ ጋሼ» አለ፣ ጫማውን እያየ።

አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ሥራ አቁሜያለሁ። የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ብረት በረዶ ሲቆርጥ የሚሰማው ድምፅ ይናፍቀኛል፤ ቅዝቃዜው ራሱ ይናፍቀኛል። ባለፈው ሞርስ ሮድ ያለው የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ዘሀራን አገኘኋት።

«ነቢል እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ትናንት በቪዲዮ ኮል አደረገልኝ። አሠልጣኞቹ ወደውታል። ሳናግረው አሁን ዓይን ዓይኔን ነው የሚያየኝ።»

«ጎረመሰ አይደል፣ ደስ ይላል እኮ።»

«ደስ ይላል፣ ጋሼ።» የያዘችውን በርበሬ መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። «ያ አንገት ደፊ ልጄ ግን ናፈቀኝ።»

እኔንም ናፈቀኝ። በርበሬውን አንስቼ ዘንቢሏ ውስጥ ጨመርኩላት።

ለአዲስ መራጮች የምለው ይህንኑ ነው። ፓኳ ሌላ ሰው ጋ ስትሆን ልጁን እዩት። ጎበዝ ነው ብላችሁ የጻፋችሁት ልጅ ከእናቱ ቤት ይወጣል፤ ይህን እያወቃችሁ ጻፉ።