ማርያምን ያከበረው ገብስ

ልጄ ሰናይት ዛሬ ጠዋት ነጭ ሸሚዟን ለብሳ፣ ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላ ወጣች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምትሠራው ጥናት እስካሁን የት እንደደረሰ በአስተማሪዎቿ ፊት ቆማ የምታስረዳበት ቀን ነው። እሷ ከሄደች ጀምሮ እጄ ሥራ አልይዝልሽ አለኝ። ምስር ልለቅም ተቀምጬ የለቀምሁትን ጠጠር ከምስሩ ጋር መልሼ ቀላቀልሁት።

ሳምንቱን ሙሉ ከጓዳው ግድግዳ ጋር ስታወራ ሰንብታለች። ትናንት ከሰዓት ግን ድምጿ ጠፋ። ገባ ብዬ ባይ ደብተሯን ዘርግታ እርሳሷን ትነክሳለች። ጥናቷ የድንች ነው፤ ድንች የተከማቸበት ቤት ምን ያህል እንደሚሞቅና እንደሚቀዘቅዝ በየቀኑ ትጽፋለች።

«እማዬ፣ ታምሜ የተኛሁባቸው ሦስት ቀኖች ባዶ ናቸው። ከፊትና ከኋላ አይቼ ብሞላቸው ማን ያውቃል?» አለችኝ።

እየቀለደች ይሁን ከልቧ አልለየሁም። እኔ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ልጆቼ ስለሚማሩት ነገር ብዙ አላውቅም። ይህቺን ግን አውቃታለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከጉና ሥር ከእናት ከአባቴ ጋር እኖር ነበር። ሰባተኛ ክፍል ያለው ደብረ ታቦር ነውና፣ እዚያ ቤት ተከራይቶ የሚያኖረኝ ስላልነበረ ከስድስተኛ ቀረሁ። እርሳስ መያዝ ይናፍቀኝ ነበር። የጽዋ ማኅበር ተራ ሲጻፍ እንኳ ከሴቶቹ መካከል ተሽሎክልኬ ወጥቼ እኔ ልጻፍ እል ነበር።

በሰኔ መግቢያ አንድ ቀጭን ወጣት በበቅሎ መጣ። ተስፋሁን ይባላል፤ ከሩቅ ኮሌጅ ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት የመጣ ነው። አራት ዓይነት ገብስ በሦስት ቦታ ይዘራል፤ አንዱ ጋፋት፣ አንዱ ገሳይ፣ አንዱ እኛ ዘንድ። የትኛው ገብስ ብርዱን ችሎ ፈጥኖ እንደሚያድግ ማየት ነው ሥራው። በገበሬ ማኅበሩ ፈቃድ አባቴ ከማሳው ዳር ቆርሶ ሰጠው። ሰዉም ሁለት ቀን ሳይሞላ ስም አወጣለት፤ የገብስ ሐኪም። ጎረቤታችን አያ ዘለቀ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ «ሐኪም፣ በሽተኛው እንዴት አደረ?» ይሉታል። እሱም ቀና ብሎ «ተመስገን፣ እህል ቀምሷል» ይላቸዋል።

ከእኔ ቢበልጥ በስድስት በሰባት ዓመት ነው። ሆኖም የተማረ ሰው ነውና አንቱ እለው ነበር።

ሦስቱን ቦታ እየዞረ ስለሚያይ እኛ ዘንድ የሚመጣው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። እሱ በሌለበት የሚለካለት ሰው ሲፈልግ አባቴ እኔን ጠቆመው። የብረት ማስመሪያ፣ ደብተርና እርሳስ ሰጠኝ። ማሳው በአሥራ ስድስት መደብ ተከፍሏል፤ በየመደቡ ቀይ ክር የታሰረባቸው ሦስት ሦስት አገዳዎች ቆመዋል። እነሱን ከመሬት እስከ ጫፍ ለክቼ መጻፍ ነው።

«ከእሑድ በቀር በየቀኑ ትለኪያለሽ» አለኝ። «ባዶ ቦታ እንዳላይ። ጋፋት ላይ የነበረው ሰው ሁለት ቀን ባዶ ትቶብኝ አሰናብቼዋለሁ።»

ይህን የተናገረው በቁጣ አልነበረም። እኔ ግን ከልጅነቴም ፈሪ ነኝ፤ አንዴ የተነገረኝን ሌሊት በሕልሜ ስደግመው የማድር። ባዶ ቦታ የሚለው ቃል እንደ ግዝት ያዘኝ።

የጉና ክረምት ለማያውቀው ሰው መንገር ያስቸግራል። ጠዋት ገብሱ ውስጥ ስገባ ጤዛው ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ያርሰዋል፤ ጣቴ ከመቆርፈዱ የተነሣ እርሳሱ ያመልጠኛል። ጉሙ ሲወርድ አሥራ ስድስተኛው መደብ ላይ ሆኜ የመጀመሪያው አይታየኝም። ያም ሆኖ እወደው ነበር። ከሥራዬ ሁሉ በጽሑፍ የሚቀር ያ ብቻ ነበር።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ማስመሪያዬን ይዤ ስወጣ እናቴ ከደጅ መለሰችኝ።

«ዛሬ ሚካኤል አይደል? ወዴት ነው?»

ማረም አይደለም፣ ማረስ አይደለም፣ መለካት ብቻ ነው አልኋት።

«ብረት ይዘሽ በበዓል ማሳ ገብተሽ፣ በረዶ ቢወርድ የሚመታው የእኛ ገብስ ብቻ ነው? የአገሩ ነው። ያን ጊዜ በየት በኩል ነው ከጎረቤት ፊት የምናልፈው?»

ባዶ ቦታ መተው እንደማይቻል ነገርኋት። እሷ ግን ገብሱን የሚያሳድገው ፈጣሪ ነው፣ አንድ ቀን ሳትለኪው ቢውል አይጠፋበትም ብላ ማስመሪያውን ከእጄ ወስዳ ቤት ውስጥ ካለው መደብ ላይ አኖረችው።

የእናቴ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። በአገራችን በበዓል ቀን ማሳ የረገጠ ሰው፣ ከዚያ በኋላ የወረደው በረዶ ሁሉ በስሙ ይቆጠርበታል። በአንድ ወገን አገሩ፣ በሌላ ወገን ደብተሩ ያዙኝ። በማግሥቱ ለካሁና መላ አገኘሁ። በአሥራ አንድ ሠላሳ የነበረው አገዳ በአሥራ ሦስት ሠላሳ አራት ከሆነ፣ በአሥራ ሁለት ሠላሳ ሁለት ብዬ ጻፍሁ። ምን ሐሰት አለው አልሁ ለራሴ። ገብሱ በዚያ ሳያልፍ ወደ ሠላሳ አራት አይደርስ።

ከዚያ በኋላ ማርያምን በሃያ አንድ፣ መድኃኔዓለምን በሃያ ሰባት፣ በዓለ እግዚአብሔርን በሃያ ዘጠኝ እንደዚያው እያካፈልሁ ሞላሁ። ነሐሴም በዚሁ አለፈ። ተስፋሁን በመጣ ቁጥር ደብተሩን ገልጦ ከሦስቱ ቦታ ንጹሕ መዝገብ ያለው ያንቺ ነው ይለኛል። እኔ ትኩስ ድንች እንደዋጠ ሰው ደረቴን ይዤ እቆማለሁ።

በመስከረም መጨረሻ ደብዳቤ ደረሰው። የጥናቱ አማካሪ የሆኑት ዶክተር ከሁለት መምህራን ጋር ደብረ ታቦር ሊመጡ ነው። ነገሩን ያስረዳኝ እሱ ራሱ ነው። ለእንዲህ ያለ ተማሪ አንድ አማካሪ ይመደብለታል፤ ዕቅዱን አይቶ ይፈርማል፤ በየጊዜው የሚልክለትን ያነባል፤ ሥራው መንገድ ሲጋመስ ተማሪው በመምህራን ፊት ቆሞ የደረሰበትን ያሳያል። ከተቀበሉት ይቀጥላል። ካልተቀበሉት የክረምቱ ልፋት ከንቱ ነው፤ ገብስ በየወሩ አይዘራምና ሌላ ዓመት መጠበቅ ሊሆንበት ነው። የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ለትምህርቱ የሰጠው ፈቃድ ደግሞ በዚያ ዓመት ያልቃል።

«እና አንቺም ትመጫለሽ» አለኝ። «ዶክተሩ ለኪዎቹን ማየት እፈልጋለሁ ብለዋል።»

ተስፋሁን እኛ ቤት መደብ ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግቶ ከደብተሬ ቁጥሮች መሥመር ሲያወጣ አየሁ። መሥመሩ እንደ ጉና መንገድ ጠመም ጠመም እያለ ይወጣል። በበዓላቱ ላይ ሲደርስ ግን በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ይላል። እኔ አየሁት። እሱ እንዴት እንዳላየው እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ያመነ ሰው አያይም መሰለኝ።

የደብረ ታቦር መኪና ልንይዝ ወደ ገሳይ በእግር ስንወርድ ጭቃው ገና ግማሹን ነው የደረቀው። አደይ በየድንበሩ ፈክቷል፤ ታች በኩል ያለው ገብስ ዛላው ማጎንበስ ጀምሯል። እናቴ የጨበጠችልን በሶ በነጠላዬ ጫፍ ታስሯል። እሱ ከፊት ከፊት እየሄደ የሚናገረውን ይለማመዳል። አያ ተስፋሁን፣ አንድ ነገር ልንገርዎ አልሁት፤ ቆይ ይችን ልጨርስ አለኝ። ወንዙን ስንሻገር ደግሜ ልጀምር ስል ጫማውን ያወልቅ ነበር። ገሳይ ስንደርስ የጭነት መኪና ሊነሳ ነው ተባለና ሮጠን ተሳፈርን። በዚያ ጩኸት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም አልሁ። እውነቱን ለመናገር ግን በሰበቡ ሁሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

የግብርና ጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ማዳበሪያ ማዳበሪያ የሚሸት ነበር። ዶክተሩ ሽበታም፣ መነጽራቸው የወፈረ ሰው ናቸው። ሁለቱ መምህራን ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ ተቀመጥሁ። ተስፋሁን ወረቀቱን በምስማር ሰቅሎ ተናገረ፤ ጥሩ ተናገረ። ሁለቱ መምህራን ስለ ዘሩና ስለ አፈሩ ጠየቁት፣ መለሰ። ዶክተሩ ምንም ሳይሉ የጉናውን ደብተር አምጣ አሉት። ጣታቸውን በምራቃቸው እያራሱ ገለጡ።

«እሑድን ትታችኋል» አሉ።

«አዎ ዶክተር፣ የዕረፍት ቀን ነውና።»

«ሃያ አንድንስ?»

ተስፋሁን አልገባውም። «ሃያ አንድ ተለክቷል፤ ይኸው አለ።»

«እሱንማ አየሁት። ጉና ላይ በማርያም ቀን ማሳ የሚገባ ሰው ማግኘትህ ገርሞኝ ነው ለኪዎቹን ማየት የፈለግሁት። ሐምሌ ሃያ አንድ ሁሉም አገዳ በሃያ ቀንና በሃያ ሁለት ቀን ቁመቱ ልክ መሐል ላይ ነው። ነሐሴም እንደዚያው። ገብሱ ማርያምን ያከብራል ማለት ነው?»

መምህራኑ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ተስፋሁን ወደ ወረቀቱ ዞረ፤ ያን ቀጥ ያለ መሥመር ያኔ ያየው ይመስለኛል፤ ጆሮው ቀላ። ቢሆንም ወደ እኔ አልተመለከተም።

«ለኪዋን አውቃታለሁ» አለ። «ካልለካች አትጽፍም። ቃሌን እሰጣለሁ።»

ቢጠረጥረኝ ኖሮ ዝም እል ነበር ይሆናል። ቃሉን ሲሰጥልኝ ግን ወንበሩ አላስቀመጠኝም።

«አልለካሁም» አልሁ ቆሜ። «በበዓል ማሳ አልገባሁም። የሁለቱን ቀን እያካፈልሁ ነው የጻፍሁት። አያ ተስፋሁን አያውቁም።»

ተስፋሁን እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አጎነበሰ። እኔ የሚያስሩኝ መስሎኝ ነበር፤ ዘመኑ ለትንሹም ለትልቁም የሚታሰርበት ነበርና። ዶክተሩ ቀይ እርሳስ አውጥተው ወደ ፊት ጠሩኝ። ያልለካሽውን ቀን ሁሉ ራስሽ ሰርዢ አሉኝ። ቀጥሎም «በእውነት የለካሽውን እንዳትነኪ፤ ደግሞ በዚያ በኩል ሐሰት እንዳይሆን» አሉ።

ሦስት የተማሩ ሰዎች እያዩኝ፣ አሥራ ሁለትን፣ ሃያ አንድን፣ ሃያ ሰባትን፣ ሃያ ዘጠኝን ከሐምሌ እስከ መስከረም ሰረዝሁ። ንጹሕ የተባለው ደብተሬ ቀይ በቀይ ሆነ።

«ይህችን ልጅ ስትቀጥራት ማሳ የማትገባበት ቀን የትኛው እንደሆነ ጠይቀሃታል?» አሉት።

«አልጠየቅሁም።»

«እኔስ ዕቅድህን ስፈርም ጠይቄሃለሁ? የቄስ ልጅ ሆኜ አልጠየቅሁህም።»

ይህን ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ፍርዱን ግን አላለዘቡትም። የጋፋትና የገሳይ ሥራ ይቀጥላል፤ የጉናው ከቀሩት ቀኖች ስንቱ እንደሚታመን ስለማይታወቅ በሚመጣው ክረምት ይደገማል አሉ። ወደ እኔ ዞር ብለው ደግሞ «ልጄ፣ ባዶ ቦታ ጥያቄ ያስነሣል፤ ጥያቄ ይመለሳል። ዝም ብሎ የተሞላውን ግን የሚጠይቀው የለም» አሉኝ።

ስንመለስ ገሳይ ላይ ከመኪናው ወርደን ዳገቱን ስንጀምር ነው ተስፋሁን ለምን አልነገርሽኝም ያለኝ። «ባዶ ቦታ እንዳላይ ብለውኝ ነበር» አልሁት። ከዚያ ቆሞ በሶውን ፍቺው አለኝና ለሁለት ገምሶ ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ። ታረቀኝ ማለት አልነበረም። እርቦን ነበር።

መሥሪያ ቤቱን ለምኖ ፈቃዱን አስረዘመ። በተከታዩ ግንቦት በቅሎውን ሳያራግፍ አባቴ ዘንድ ተቀምጦ በዓላቱን አስቆጠረ። አባቴ ቆጠረ፣ እናቴ ጨመረች፤ አያ ዘለቀ ሰኞንም ሊያስገቡ ሲሉ እናቴ ሰኞ የስንፍና በዓል ነው ብላ አስወጣችባቸው። ተስፋሁን በደብተሩ በእነዚያ ቀኖች ላይ አስቀድሞ መሥመር አሰመረና ማስመሪያውን ለእኔ ሰጠኝ። ሐምሌን ሙሉ ግን በመጣ ቁጥር እየተከተለ የለካሁትን መልሶ ይለካ ነበር። ከፍቶኛል፤ ግን ምን እላለሁ። በነሐሴ አንድ ቀን ተከትሎኝ ሳይገባ ደብተሩን ብቻ አይቶ ሄደ። ያን ቀን አልረሳውም። በኋላም መምህራኑ ሥራውን ተቀበሉት፤ ማስመሪያውንም ለእኔ ትቶልኝ ሄደ።

ይህን ሁሉ ለሰናይት የነገርኋት ገና ትናንት ነው። በማርያም ገብስ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ለምን ባዶ ሆነ ብለው ቢጠይቁኝስ?» አለች። ታምሜ ነበር በያቸው አልኋት። «ይህቺን ይዘውብኝ ድገሚ ቢሉኝስ?» አለችኝ። አይሉሽም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን አላውቅም። ተነሥቼ ያን የብረት ማስመሪያ ከሳጥኑ አውጥቼ ሰጠኋት። በሦስቱ ባዶ ቀኖች ላይ አንድ መሥመር አሰመረች።

አሁን አምስት ሰዓት አልፏል። ምስሩ እንዳለ ነው፤ ስልኩ ጭኔ ላይ ነው፤ አልጮኸም። ምን እንዳሏት ገና አላውቅም። የማላውቀውን ደግሞ አልሞላም።